«ምን አየሽ?»፦ ስምንት ቀን በጎጃም

(ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ የንባብ ምሽት ያቀረብኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ቦታ ላይ አስተካክዬዋለሁ።)

እንደምን አመሻችሁ። በዚህ ዝናብ ከቤታችሁ ወጥታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ስለ ራሴ ትንሽ ልበል። ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ማርቆስ ነው። የታሪክ መምህርት ነኝ። ባለቤቴ የሸዋ ልጅ ነው፤ ሥራው ግንባታ ነው። ከተጋባን አሥር ዓመት የሞላን በኅዳር 2012 ዓ.ም. ነው። ስምንት ቀን ፈቃድ ወስደን ጎጃምን በመኪና ዞርነው። ጓደኞቻችን «ላንጋኖ ሂዱ፣ ሐዋሳ ሂዱ» ብለውን ነበር። እኔን ግን አንድ ነገር ይቆጨኝ ነበር። ከማርቆስ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ማርቆስ በአውቶቡስ ስንት ጊዜ ተመላልሻለሁ። ከአስፋልቱ ወርጄ ግን አላውቅም። ክፍል ውስጥ የማስተምረውን ታሪክ በመስኮት ነበር የማልፈው።

ዛሬ ያንን መንገድ በዚያ እርጋታ መጓዝ አይቻልም። ይህንን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። ይህን ንግግር ሳዘጋጅ በየመንገዱ ያገኘናቸው ሰዎች አንድ በአንድ ፊቴ ላይ ይመጡ ነበር። ባሉበት ደህና ያድርግልኝ።

ስንነሳ ባለቤቴ አንድ ሕግ አወጣ። ማታ ከመተኛታችን በፊት «ምን አየሽ?» «ምን አየህ?» እንባባል አለ። መልሱ አንድ ነገር ብቻ ይሁን። ፎቶ ማሳየት የለም፤ በአፍ መናገር ብቻ። መጀመሪያ ላይ ቀላል መስሎኝ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን የዓባይ በረሃ ነው። ጎሐ ጽዮንን አልፈን ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ ተያያዝነው። መኪናችን ቪትዝ ናት። ፍሬኑ እንዳይግል ብሎ ባለቤቴ ሁለት ቦታ አቆመ። እዚያ መሬቱ ይንሸራተታል። አስፋልቱ ቦታ ቦታው ላይ ሰው እንዳደረበት አንሶላ ተጨማዷል። ታች ሁለት ድልድዮች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ አሮጌው፣ እና በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ በ2001 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የሕዳሴ ድልድይ። አዲሱ 303 ሜትር ይረዝማል፣ በኬብል የተወጠረ ነው። በልጅነቴ አውቶቡሱ እዚህ ሲደርስ እናቶች ያማትቡ ነበር። እኔም ሳላስበው እጄ ወደ ግንባሬ ሄደ። የዚያ ማታ መልሴ ይኸው ሆነ።

ያደርነው ቢቸና ነው። በማግሥቱ ኅዳር 12፣ ሚካኤል ነው። ኅዳር ሲታጠንም ነውና ከተማዋ በማለዳ ጭስ በጭስ ሆናለች። ሰዉ ደጁን እየጠረገ ቆሻሻውን ያቃጥላል። የኅዳር በሽታ የገባው በ1911 ዓ.ም. ነው። ከመቶ ዓመት በኋላም ሰው እሳቱን ያነድዳል። ይህንን ልብ በሉልኝ።

ደብረ ወርቅ ማርያምን ተሳልመን አለፍን። ከዚያ በኋላ መንገዱ ኮረኮንች ሆነና ጎማችን ፈነዳ። ስኮርታ አለን፣ ክሪክ አለን። መሬቱ ግን ለስላሳ ነውና ክሪኩ እየሰመጠ አስቸገረን። ማሳው ላይ ጤፍ የሚያጭዱ ሰዎች ነበሩ። ሳንጠራቸው መጡ። አንደኛው ወደ አጥሩ ሄዶ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይዞ መጣና ከክሪኩ ስር አደረገው። መኪናዋ ተነሳች። ጎማውን ቀይረን ስንጨርስ ሰውየው ድንጋዩን አንሥቶ ወስዶ እነበረበት ቦታ መለሰው። ክፍተቱን ደፈነና ወደ አጨዳው ተመለሰ።

መርጡለ ማርያም ስንደርስ ቅዳሴው አልቋል። ግቢው ውስጥ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ፣ የፈረሰው ሕንፃ ግድግዳ ቆሟል። ይህን ያሠራችው ንግሥት እሌኒ ናት። የሐድያ ልጅ ናት። በቤተ መንግሥት ከዘርዓ ያዕቆብ ዘመን እስከ ልብነ ድንግል ኖራለች። ልብነ ድንግል ልጅ ሳለ ሞግዚት ሆና አገር አስተዳድራለች። ለፖርቹጋል ንጉሥ መልእክተኛ የላከችውም እሷ ናት። ያሠራችው ቤተ ክርስቲያን በግራኝ ጦርነት ጊዜ ጠፋ። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ ሚስዮናውያን እንደገና አነሡት። አፄ ፋሲል ሚስዮናውያኑን ከአገር አስወጡ። ሕንፃውም መልሶ ፈረሰ። የቦታው ሰዎች ግን ታሪኩን ከዚህ ሁሉ በፊት፣ ከአብርሃና አጽብሐ ነው የሚጀምሩት።

ድንጋዩ ላይ ትንሽ ልቆይ። ክብ ክብ አበቦች ተቀርጸውበታል። የተጠማዘዘ ሐረግ አለበት። ጠራቢው መሮውን አሁን ያስቀመጠ ነው የሚመስለው። አንዱን አበባ በመዳፌ ለካሁት፤ ልክ መዳፌን ሞላው። በቅጠሉ ጅማት ውስጥ አንዲት ጉንዳን ትሄድ ነበር። ጅማቱን ይዛ እስከ ጫፉ ሄደችና ዞራ ተመለሰች። ሰው በክፍል ውስጥ «እሌኒ» ብሎ ሲያስተምር ስም ነው የሚያስተምረው። እዚያ ቆሜ ግን እሌኒ ድንጋይ የምትመርጥ፣ ሠራተኛ የምታዝዝ፣ «ይህ አበባ አላማረኝም፣ ድገሙት» የምትል ሴት ሆነችብኝ።

ባለቤቴ በድንጋዮቹ መካከል ያለውን ኖራ ሊሞክር እጁን ዘረጋ። ጥፍሩን ሲያሳርፍ ከኋላችን ድምፅ መጣ።

«አይ ልጄ፣ አትጫረው። የመጣው ሁሉ በጥፍሩ እየጫረ ጨረሰው እኮ።»

አንድ አባት ናቸው። መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ባለቤቴ ደንግጦ «ይቅርታ አባ፣ ሥራዬ ግንባታ ስለሆነ ነው» አላቸው።

«እንግዲያማ አንተ በዓይንህ ብቻ ታውቀዋለህ» አሉት።

ከግድግዳው ስር አንድ የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ደርቦ ዳዊት ይደግማል። የተቀመጠበት ከላይ የወደቀ ጥርብ ድንጋይ ነው። የተቀረጸው ፊቱ ወደ ውጭ ዞሯል። ልጁ እግሩ አበባውን እንዳይነካ ጎኑን ዞሮ ነው የተቀመጠው። ማንም እንዲህ ተቀመጥ አላለውም መሰለኝ።

አባን ጠየቅኋቸው። «ይህ ሁሉ ቅርስ ለምን አይታጠርም?»

«ታጠረ እንበል» አሉኝ። «ዝናብ ሲገባበት ማን ያየዋል? እኛ ጠዋትም ማታም እዚህ ነን።»

አባን አከብራቸዋለሁ፤ ግን በዚህ ሙሉ በሙሉ አልስማማም። በግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ ቁጥቋጦ ሥር ሰድዷል። ሥሩ በየክረምቱ ድንጋዩን ይገፋዋል። ይህ በጸሎትና በጥበቃ ብቻ አይቆምም። ባለሙያ ይፈልጋል፣ ጣራ ይፈልጋል፣ በጀት ይፈልጋል። ደግሞ አባ ያሉትም እውነት ነው። ባለሙያ መጥቶ ይሄዳል። ቁጥቋጦው መጀመሪያ ሲበቅል የሚያየው እዚያ የሚውል ሰው ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ «ፍርስራሽ» የሚለው ቃል አልመቸኝ አለ። ፍርስራሽ ስንል ያበቃለት ነገር ማለታችን ነው። ጎጃም ውስጥ ያየሁት ግን እንደዚያ አይደለም። የወደቀው ድንጋይ ሥራ ላይ ነው። ሰው ተደግፎት ይማራል፣ ይጸልያል፣ ገበያ ይሻገርበታል። ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ነገር ይህ ነው።

ከሞጣ ወደ ዓባይ የሚወስደው መንገድ የሰባራ ድልድይ ነው። ረጅም የእግር ጉዞ ስለሆነ አልወረድንም። ታሪኩን ግን ሞጣ ላይ ቡና ያፈሉልን እናት ነገሩን። ጎጃምን ከበጌምድር የሚያገናኝ የድንጋይ ድልድይ ነው፤ መካከሉ በጣሊያን ጦርነት ጊዜ ተሰበረ። ሰው ግን መሻገሩን አልተወም። ከዚህና ከዚያ ማዶ ሆነው ገመድ እየወረወሩ፣ ሰውን በገመድ እየጎተቱ ለብዙ አሥርተ ዓመታት ተሻገሩበት። በ2000 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የዚህ ፎቶ በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ ወጣ። ፎቶውን ያየ አንድ አሜሪካዊ መጥቶ ድልድዩን አስጠገነ፤ ድልድይ የሚሠራ ድርጅትም አቋቋመ። እናታችን ስኒውን እያቀበሉኝ «ባለቤቴ በዚያ ገመድ ተሻግሮ ነው ያጨኝ» አሉ። ባለቤቴን አየሁት። እሱ የተሻገረው አንድ አስፋልት ነው።

አሁን ወደ እናንተ አገር ልግባ። ጣናን እኔ ላስተምራችሁ አልችልም። አንድ የገረመኝን ነገር ብቻ ልናገር። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል። ጥልቀቱ ግን እጅግ ጥልቅ በተባለው ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው። በጥንት ዘመን ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ቅልጥ አለት የውሃውን መውጫ ዘጋው፤ ውሃው ተጠራቀመ፣ ሜዳው ላይ ተንጣለለ። ሰፊ ግን ስስ ነው። እንዲህ ያለ ውሃ ቶሎ ይጎዳል። እምቦጭ የተባለው አረም የታየው በ2004 ዓ.ም. ገደማ ነው። የጀልባችን ነጂ ወደ ሰሜን ምሥራቅ እጁን ዘርግቶ «እዚያ ማዶ ነው የሚብሰው» አለን። ገበሬው ወገቡ ድረስ ውሃ ገብቶ በእጁ ሲነቅል ያየ ሰው ይህን ጉዳይ እንደ ሩቅ ዜና አይሰማውም።

ዘጌ ላይ መጀመሪያ የሚያጋጥማችሁ ጥላ ነው። ቡናው በትልልቅ ዛፎች ስር ነው። ኅዳር ስለነበር ፍሬው ቀልቷል። በሬ አይጠመድም፣ መሬቱ አይታረስም። አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ለሦስት ቆርጠው ቢተክሏት ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሆና በቀለች ይላል የአገሩ ሰው። እኔ ይህን ተረት ነው ብዬ አላልፈውም። በዚህ እምነት የተነሣ አንድ ጫካ ለዘመናት ሳይመነጠር ቆይቷል።

ዑራ ኪዳነ ምሕረት ለሴትም ክፍት ነው። የመቅደሱ ግድግዳ በሥዕል ተሞልቷል። በላዔ ሰብእን ፈለግሁት፤ አገኘሁት። 78 ሰው የበላው ሰው ነው። ለአንድ ድውይ በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውሃ ሰጠ። በሚዛኑ ላይ በአንድ ወገን 78 ነፍስ፣ በሌላው ወገን ጥርኝ ውሃ። ውሃው ከበደ። በልጅነቴ አያቴ ይህን ስትነግረኝ ሚዛኑ እንዴት እንዲያ ሆነ ብዬ እከራከራት ነበር። ሥዕሉ ፊት ቆሜ ክርክሩን ተውኩት።

በማግሥቱ ወደ ደቅ ሄድን። ሦስት ሰዓት ያህል በጀልባ ነው። ናርጋ ሥላሴን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። በሥዕሉ ላይ ምንትዋብ ልጇን ከታቀፈችው ድንግል ማርያም እግር ስር ተደፍተው ይታያሉ። ጎንደርን ያንቀጠቀጡ ሴት እዚህ ግንባራቸው መሬት ነክቷል። እሌኒና ምንትዋብ፤ ሁለት ሴቶች፣ በሁለት መቶ ዓመት ልዩነት። ሁለቱም ድንጋይ አስጠርበው ለእኛ አስቀመጡ።

ከደቅ አጠገብ ዳጋ እስጢፋኖስ አለ። የነገሥታት አስከሬን እዚያ ነው። ዘርዓ ያዕቆብ፣ ፋሲል፣ ሌሎችም እንዳሉበት ይነገራል። ሴት አትገባም። ባለቤቴ «ካልገባሽ አልገባም» አለኝ። እኔ ደግሞ «ግባ፤ ግን ዓይኔን ይዘህ ግባ» አልኩት።

ዳር ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። አጠገቤ አንድ ሰው ታንኳ ይሠራል። የደረቀውን ደንገል በክምር አስቀምጧል። አንድ እቅፍ ያነሣል፣ ያጠብቃል፣ በጉልበቱ ይጫነዋል፣ በገመድ ያስረዋል። ገመዱም ከዚያው ከደንገሉ የተገመደ ነው። «ስንት ጊዜ ያገለግላል?» አልኩት። «ውሃ እስኪጠጣ ነው» አለኝ። «ከዚያስ?» «ሌላ እሠራለሁ።» እንዲህ ቀላል አድርጎ ተናገረው። ታንኳው በወራት ይበሰብሳል፣ አሠራሩ ግን አልበሰበሰም። ነገሥታቱን ላይ ቤት በመስታወት ሣጥን ጠብቀዋቸዋል። ታች ደግሞ ይህ ሰው ከነገሥታቱ የሚያረጅ እውቀት በጉልበቱ ተጭኖ ያስራል።

ባለቤቴ ሲመለስ ዝም ብሏል። ማታ እስኪደርስ አልጠበቅሁም።

«ምን አየህ?»

«መስታወቱ ላይ የጣት አሻራ አየሁ» አለኝ። «የብዙ ሰው። ያስጎበኙን አባት በጋቢያቸው ጫፍ ይጠርጉታል፤ የሚቀጥለው ሰው ደግሞ ይነካዋል፤ እሳቸው ደግሞ ይጠርጋሉ። ቀኑን ሙሉ እንደዚያ ነው መሰለኝ።»

ስለ ነገሥታቱ ፊት እጠይቀዋለሁ ብዬ ነበር። ሳልጠይቀው ቀረሁ።

ጭስ ዓባይ ላይ ያየነው በሥዕል የምታውቁትን አይደለም። ፏፏቴው 45 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ውሃው ግን ለኤሌክትሪክ ስለሚጠለፍ በኅዳር ሳስቷል። ሙሉውን ማየት የፈለገ በክረምቱ መጨረሻ ይሂድ። እኛን የያዘን ግን ወደ ፏፏቴው ሲወርዱ የሚሻገሩት የአላታ ድልድይ ነው። በሱስንዮስ ዘመን፣ በ1626 እ.ኤ.አ. ገደማ ተሠራ። ሰዉ የፖርቹጋሎች ድልድይ ይለዋል። ኖራው በእንቁላል ተለውሶ ነው የተሠራው ይላሉ። ባለቤቴ ቅስቱን አንጋጦ ሲያይ ቆየ። ሸክሙ በቅስቱ ላይ እንዴት ወደ ሁለቱ ወገን አለት እንደሚወርድ በእጁ እያሳየ አስረዳኝ። እያስረዳኝ ሳለ ጤፍ የጫኑ ሦስት አህዮች መጡ። ባለቤታቸው «መንገድ!» አለን። ወደ ጎን ተጠጋን። አህዮቹ የአራት መቶ ዓመቱን ድልድይ ሳያዩት ተሻግረው ሄዱ። ያን ማታ ሁለታችንም የመለስነው አንድ መልስ ነበር፤ አህዮቹን።

በዳንግላ በኩል ወደ እንጅባራ ወረድን። የአገው አዊ አገር ነው። ፈረስ በየመንገዱ። ዘንገና ከዋናው መንገድ ጥቂት ገባ ብሎ ነው። በጫካ የተከበበ ክብ ሐይቅ ነው፤ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ በተወው ጉድጓድ ውስጥ ያለ። ስፋቱ ከጣና ጋር አይወዳደርም። ጥልቀቱ ግን 166 ሜትር ነው። ጣናን አሥር ጊዜ ደራርቦ ይውጠዋል። ጣና ላይ ነፋስ፣ ወፍ፣ ጀልባ፣ የሰው ድምፅ አለ። ዘንገና ዝም ይላል። ባለቤቴ ዳር ላይ ጠጠር አነሣ። ሊወረውር ነበር። ከዚያ መለሰና አስቀመጠው። ለምን እንደተወው አልጠየቅሁትም።

የመጨረሻው ቀን ግሽ ዓባይ ነው። ሰከላ። ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 እ.ኤ.አ.፣ ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. እዚህ ቆመዋል። ፈረንጆች «አገኘነው» ብለው ጻፉ። አቡነ ዘርዓ ብሩክ ግን መጻሕፍታቸውን ለዓባይ አደራ ሰጥተው ሳይርሱ እንደተቀበሉ የሚነገርበት ቦታ ነው። የጠፋ ነገር አልነበረም፤ የሚያውቀው ሰው ነበረው።

ከምንጩ የሚቀርበው እህል ያልቀመሰ ነው። ጾመ ነቢያት ገብቶ ነበርና እኔ አልበላሁም። ባለቤቴ ግን ጠዋት እንጅባራ ላይ ሻይ በዳቦ ቀምሷል። ሊነዳ ስለሆነ እኔው ነበርኩ «ብላ» ያልኩት። አንድ ዲያቆን «በልታችኋል?» ብሎ ጠየቀን። ባለቤቴ ሊዋሽ አልፈለገም። ቆመ። እኔ ነጠላዬን አጣፍቼ ወረድሁ።

ብዙ አልቆየሁም። ጫማዬን ያወለቅሁበት ሣር እርጥብ ነበር። ከእኔ በፊት አንዲት እናት ልጃቸውን አዝለው ተጠምቀው ይመለሱ ነበር። የልጁ ፀጉር ውሃ ያንጠባጥባል። ተራዬ ሲደርስ ሁለት እጄን አጋጠምኩ።

ስወጣ ባለቤቴ መኪናው አጠገብ ቆሟል። በሩን ከፍቶ ይጠብቀኛል።

«ምን አየሽ?» አለኝ።

እጄ ገና አልደረቀም ነበር። ጥርኝ አድርጌ አሳየሁት። «ይህን ያህል ነው» አልኩት።